የወታደሩ ማይክሮስኮፕ ለሲቪሉ ሐኪምም ይከፈት

በወሎ፣ ከላላ ውስጥ አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት ቢወጣባት፣ ሐኪሙ ዳስሶ ይጠረጥር ይሆናል እንጂ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ አይቆርጥም። ቁርጡን የሚናገረው ፓቶሎጂስት ነው። ከእብጠቱ የተወሰደችው ቁራጭ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ትነከራለች፤ ውኃዋ ተመጥጦ በሰም ትደፈናለች፤ ከፀጉር በሳሳ ውፍረት ተቆርጣ መስታወት ላይ ትዘረጋለች፤ ቀለም ትጠጣለች። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር አይቶ የሚያውቃት ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን ለከላላም ለመካነ ሰላምም ሩቅ ነው። መንገዱ በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ፣ ሲብስም እስከ አዲስ አበባ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ በሽታው ቆሞ አይጠብቅም።

በወታደር ቤት የሚሰጥ የፓቶሎጂ ፌሎሺፕ ለሲቪሎች ይከፈት ወይ የሚለው ጥያቄ ለዚህ ደጋ ሰውም ጉዳዩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፌሎሺፕ ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም በአንድ ጠባብ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በደም ወይም በቆዳ በሽታ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል የሚጠልቅበት ሥልጠና ነው።

ወታደር ቤት ለፓቶሎጂ ምን ያህል እንደሚበጅ ዋሽንግተን ጥሩ ምስክር ናት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ የጦር ሠራዊቱ የሕክምና ሙዚየም ተቋቋመ። ኋላ የጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም ሆነ። ለሠራዊቱ ብቻ አልሠራም፤ ሲቪል ሐኪሞች የከበዳቸውን ናሙና ይልኩለት ነበር፤ የተቀበለውንም በሰም ደፍኖ ያስቀምጥ ነበር።

ያ ልማድ የእኛንም ታሪክ ነካ። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀውንና ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስታውሰውን የኅዳር በሽታ ያመጣው ቫይረስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘረ መል ቅደም ተከተሉ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጄፈሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቻቸው በዚያው ተቋም ከተቀመጠ፣ በ1918 ከሞተ የአንድ ወታደር ሳንባ የቫይረሱን የዘረ መል ስብርባሪ አወጡ። ሙሉ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠናቀቀ። የአንድ ወታደር ሳንባ ለዓለም ሁሉ ሲቪል የመጀመሪያውን መልስ ሰጠ። ተቋሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ፤ ሥራው ከፊሉ ወደ ሌላ ወታደራዊ የፓቶሎጂ ማዕከል ተላለፈ።

አዲስ አበባም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ነበራት፤ ደጋውን ሲያሠቃይ የኖረውን፣ በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት ካጠኑት አንዱ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። የሰው ላቦራቶሪ ፖለቲካ ሲለወጥ ይሄዳል። የራስ ሲሆን ግን ለራስ ልጅ መክፈት ይቻላል።

እኛም የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለን፤ የጦር ኃይሎች ሆስፒታልም አለን። ዋናው ቋጠሮ ውሉ ነው። በደንብ ልብስ የሚሠለጥን ሐኪም በግዴታ አገልግሎት ይከፍላል፤ ሲቪሉስ በምን? መልሱ ቀላል ይመስላል፦ የግዴታ ዓመታቱን ደሴ ወይም መካነ ሰላም ላይ ያገልግል። ወታደርም ሲቪልም አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ቢማሩ ሠራዊቱ አይጎዳም፤ ናሙናው በበዛና በተለያየ ቁጥር የሁለቱም ዓይን ይሰላል።

የወሎ ወጣት ሐኪሞች ሆይ፣ የፌሎሺፕ ማስታወቂያ «ለሠራዊቱ አባላት» ቢልም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሲቪል ይገባል ወይ፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ ምስክር ወረቀቱን ጤና ሚኒስቴር ያውቀዋል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የሥልጠናው ኃላፊዎችም ማስታወቂያችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሲቪል ማመልከት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ በግልጽ ጻፉ።