ምስሉ ለምን ይረበሻል? የምስልና የኮምፒዩተር ኬብሎችን ከኤሌክትሪክ ረብሻ ስለ መጠበቅ

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የትምህርት ሰዓታችንን ሲበላ የቆየ ነገር ነው። እዚህ ቁረይሻ ራኩባው ሥር ፕሮጀክተር ተክለን ለ8ኛ ክፍል የሳይንስ ቪዲዮ ስናሳይ፣ ጄኔሬተሩ ከተነሣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ምስሉ ላይ ወፍራም ጥላ የመሰለ መስመር ከታች ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ድምፅ ማጉያውም «ህምም» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከኋላ ያሉት ተነሥተው ይወጣሉ። ነዳጁ ግን መንደዱን አያቆምም።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ የፕሮጀክተሩን ስፒና ፈቶ የመሬት ሽቦዋን በፒንሳ ቆረጣት። መስመሩ ጠፋ! ሁላችንም አጨበጨብን። ያጨበጨብነው ለምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ረብሻው ከየት ይመጣል?

በሽቦ ውስጥ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ይህን የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኧርስትድ በ1820 እ.ኤ.አ. የኮምፓስ መርፌ በሽቦ አጠገብ ስትዞር አይቶ አስታወቀ። በ1831 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ፋራዳይ፣ የሚለዋወጥ መስክ በአጠገቡ ባለ ሌላ ሽቦ ላይ ጅረት እንደሚያስነሳ አሳየ። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ትራንስፎርመር ላይ ሲሆን ጥቅም ነው፣ ኬብላችን ላይ ሲሆን ግን ረብሻ ይባላል።

የመብራት መስመር 230 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ በሰከንድም 50 ጊዜ ይመላለሳል። በቪጂኤ ኬብል የሚያልፈው የምስል ምልክት ግን ከ0.7 ቮልት አይበልጥም። ገበያ መሐል የሚንሾካሾክ ሰው ማለት ነው። ሁለቱን ኬብሎች ጎን ለጎን አስረን አሥር ሜትር ከወሰድናቸው፣ ትልቁ ትንሹ ላይ ቢጮህበት ምን ይገርማል?

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲጀመር ተማሪ የነበርን አለን። ምስሉ ሲቆራረጥ የፕላዝማው አስተማሪ ቆሞ አይጠብቅም፤ ያለፈው አለፈ ነው። ዛሬ ቪዲዮውን ወደኋላ መመለስ እንችላለን፤ የጠፋውን ነዳጅና ያመለጠውን ሰዓት ግን ማን ይመልሰዋል?

መጀመሪያ ምርመራ

ኬብል ለመግዛት ወደ ገዳሪፍ ሰው ከመላካችን በፊት የሚከተሉትን በተራ እንሞክር፤ ምንም ወጪ የላቸውም።

ሀ) ምስሉ ሲርገበገብ አምፖሉም አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም። ጄኔሬተሩ ወይም ጭነቱ ይታይ።

ለ) የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለን በባትሪ ብቻ እናሠራው። መስመሩ ከጠፋ ረብሻው የሚመጣው በመሬት ሽቦ በኩል ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ሐ) ፍሎረሰንቱን፣ ማራገቢያውን፣ የስልክ ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ እናጥፋ። የትኛው ሲጠፋ እንደተሻለው እንመዝግብ።

መ) የምስል ኬብሉን በእጃችን ይዘን ከመብራት ሽቦው እናርቀው። ወዲያው ከተስተካከለ ሌላ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቦታውን መቀየር ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ማራራቅ። የምልክት ኬብልና የመብራት ሽቦ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። አንዱ በራኩባው በግራ ምሰሶ፣ ሌላው በቀኝ ቢሄድ በጣም ጥሩ ነው።

2. መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀል ቅርጽ ይሻገሩ። በ90 ዲግሪ ሲተላለፉ የሚነካኩት በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ረብሻው እጅግ ይቀንሳል።

3. ኬብል ማሳጠር። ሁለት ሜትር ለሚበቃው ሥራ አሥር ሜትር አንዘርጋ። የተረፈውንም በዲቫይደሩ ላይ ጠቅልለን አናስቀምጥ።

4. የኔትወርክ ኬብል ጥምዝ አይፈታ። በውስጡ ያሉት 8 ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ለውበት አይደለም። ረብሻው ሁለቱንም ሽቦ እኩል ስለሚነካ ተቀባዩ መሣሪያ ልዩነታቸውን ብቻ ሲያነብ ረብሻው ይጣፋል። ዘዴውን ግራሃም ቤል ለስልክ መስመር በ1881 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ስለዚህ ጫፉን ስንሠራ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አንፍታው። ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

5. መከለያ ያለው ኬብል መምረጥ። ጥሩ ቪጂኤና የዲሽ ኬብል ከፕላስቲኩ ሥር የሽቦ መረብ ወይም ስስ ብረት አላቸው። በጣም ቀላልና ቀጭን የሆነው ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ ይህ ይጎድለዋል። ጫፉ ላይ ያለችውን ጉብታ ደግሞ «ምን ታደርጋለች» ብለን አንቁረጣት። ውስጧ ፌራይት የሚባል ነገር አለ፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ረብሻ ታፍናለች። የ50 ሄርትዙን «ህምም» ግን እንደማታጠፋው እንወቅ።

ኤችዲኤምአይ ኬብል ዲጂታል ስለሆነ ጥላ የመሰለ መስመር አያሳይም። ረብሻ ሲበዛበት ነጠብጣብ ያሳያል፣ ወይም ጭራሽ ይጨልማል።

የመሬት ሽቦ አይቆረጥም!

አሁን ወደዚያች ሽቦ እንመለስ። ላፕቶፑ ከአንድ ክፍል ሶኬት፣ ፕሮጀክተሩ ከሌላ ክፍል ሶኬት ሲሰኩ ሁለቱ የመሬት ሽቦዎች በትንሽ ቮልት ሊለያዩ ይችላሉ። በምስል ኬብሉ መከለያ በኩል ሲገናኙ ጅረት ይዞርባቸዋል። ያ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር እሱ ነው። የመሬት ሽቦውን ስንቆርጥ ዙሩ ስለሚቋረጥ መስመሩ ይጠፋል።

ግን አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ የተቀመጠችው ለምስል ጥራት ሳይሆን ለነፍሳችን ነው። በመሣሪያው ውስጥ ጅረት ያለው ሽቦ ተፈትቶ የብረት አካሉን ቢነካ፣ ጅረቱ በእሷ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል። እሷ ከሌለች መንገዱ የሚነካው ሰው ገላ ነው። በኸሪፍ ደግሞ ወለሉ ጭቃ፣ የልጆቹ እግር ባዶ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም መሣሪያዎች ከአንድ ባለ ሦስት እግር ዲቫይደር መሰካት ነው። እኛም ያቺን ሽቦ ስፒናው ውስጥ መልሰን አሰርናትና እንዲሁ አደረግን። መስመሩ ጠፋ፤ የመሬት ሽቦዋም በቦታዋ አለች።

መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግም ይታሰብበት። የዚህ አካባቢ ዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ይላቀቃል። ደረቅ አፈር ደግሞ ጅረት በደንብ አያሳልፍም። ዘንጉ እርጥበት እስካለበት ድረስ ጠልቆ ይቀበር፤ በበጋም ዙሪያው ውኃ ይጠጣ። በጄኔሬተሩ ላይ ያለውን አያያዝ ግን ኤሌክትሪሽያን ይየው፤ እኛ መምህራን አንነካካው።

በመጨረሻም፣ መብረቅ ሲጀምር ከላይ ያልነው ሁሉ አይሠራም። ያን ጊዜ ስፒናውንም የአንቴናውንም ኬብል መንቀል ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስሉ ሲረበሽ መጀመሪያ ኬብሉን እናንቀሳቅስ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን እናስተካክል፣ ፒንሳውን ግን ኪሳችን ውስጥ እናቆየው።