ዮጋ፦ ሰውነትን ከማፍታታት ባሻገር ምንድን ነው?

የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ኮሚቴ በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያንን ጉባኤ የሚያስታውሱት የገዳ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት በመሆኑ ነው። በዚያው ጉባኤ ሕንድ ያቀረበችው ዮጋም በመዝገቡ ሰፍሯል።

የተመዘገበው ግን በየስልኩ በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች የሚታየው መተጣጠፍ ብቻ አይደለም። ትንፋሽን መግራት፣ ተመስጦና የቃላት ዜማም አብረው ተመዝግበዋል። እነዚህ ሁሉ ዓላማቸው ሰው ራሱን እንዲያውቅና ከሥቃይ እንዲያርፍ መርዳት ነው።

"ዮጋ" የሚለው የሳንስክሪት ቃል ብዙውን ጊዜ ማጣመድ ወይም በቀንበር ማዋል ተብሎ ይተረጎማል። በሬ ሲጠመድ አይቶ ላደገ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይሆንበትም። ወዳሻው የሚነጉደው ሐሳብ ከአካልና ከትንፋሽ ጋር ተጠምዶ በአንድ ትልም እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ይህን አስተሳሰብ በሥርዓት ያስቀመጠው ጥንታዊ ድርሳን "ዮጋ ሱትራ" ሲሆን፣ ፓታንጃሊ ለተባለ ሊቅ ይሰጣል። ከ200 የማይበልጡ አጫጭር አንቀጾች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ያህል ብቻ ናቸው፤ የሚጠይቁትም አቀማመጡ የጸናና የማያስጨንቅ እንዲሆን ነው። በራስ መቆምም ሆነ እግርን ከአንገት ጀርባ ማዞር አልተጠቀሰም።

ድርሳኑ መንገዱን በስምንት ይከፍለዋል። መነሻው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፦ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ያለ ልክ አለመመኘት። ከዚያ ንጽሕናንና ባለው መርካትን የመሰሉ የግል ሥርዓቶች ይከተላሉ። የአካል አቀማመጥ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ትንፋሽን መግራት ይከተለዋል፤ የቀሩት አራቱ ደግሞ የስሜት ሕዋሳትን ከመሰብሰብ አንስቶ እስከ ጥልቅ ተመስጦ የሚዘልቁ የአእምሮ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ በዮጋ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ከሦስተኛው ደረጃ እምብዛም አያልፍም።

ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.አ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት ክሪሽናማቻርያ አካላዊውን ልምምድ በእጅጉ አስፋፉት። የታሪክ አጥኚዎች በዘመኑ የነበረው ጂምናስቲክም አሻራውን እንዳሳረፈበት ይናገራሉ። እንደ አየንጋርና ኢንድራ ዴቪ ያሉ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ወሰዱት።

ያም ሆኖ አካላዊው ልምምድ በአግባቡ ሲሠራ ወደ ቀደመው ዓላማ ይመልሳል። "ታዳሳና" ወይም የተራራ አቋቋም የሚባለውን እንመልከት። ከሩቅ ለሚያይ፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቆሟል። የቆመው ሰው ግን ክብደቱ ወደ ተረከዙ ነው ወይስ ወደ ጣቶቹ ያዘነበለው? ትከሻው ለምን ወደ ጆሮው ተሰበሰበ? ጥርሱን የነከሰው ከመቼ ጀምሮ ነው? እያለ ራሱን ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ ወይም መሪ ጨብጦ የዋለ ሰው ሰውነቱ እንደተጨናነቀ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሲሰማው ነው። ልምምዱ ያንን ምልክት ቀደም ብሎ መስማትን ያስተምራል።

ትንፋሽም የራሱ ድርሻ አለው። የልብ ምት አየር ሲሳብ በመጠኑ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። ረዘም አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት ሰውነት እንዲረጋጋ የሚረዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይንሱ የሚደግፈው ሁሉንም የዮጋ ማስታወቂያ አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.አ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው መንገዶች አንዱ ዮጋ ነው። እ.አ.አ. በ2014 ደግሞ ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቻቸው፣ በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸው የሥነ ልቦና ሰቆቃ ያለባቸው 64 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አሳትመው ነበር። ለአሥር ሳምንታት ዮጋ ከሠሩት ግማሽ ያህሉ የሕመሙን መመዘኛ ማሟላት አቁመዋል፤ በንጽጽር ቡድኑ ውስጥ ግን ይህ የሆነው ከአምስቱ በአንዷ ገደማ ነው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ጦርነትና ስደት ብዙዎችን ባቆሰሉበት የአፍሪካ ቀንድ ቸል የሚባል አይደለም።

ዮጋ ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጄይን ወጎች ጋር ተሳስሮ ያደገ በመሆኑ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእምነቱ ጋር ይጋጭ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱም አንድ ወጥ አይደለም። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.አ.አ. በ2008 ዝማሬና አምልኮ የተቀላቀለበትን ዮጋ ለሙስሊሞች ከልክሏል። ሳዑዲ አረቢያ ግን እ.አ.አ. በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት እንቅስቃሴ ተቀብላለች። ልምምዱን ከመነሻ እምነቱ መለየት ይቻላል የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ መለየቱ ራሱ ዮጋን ባዶ ያደርገዋል የሚሉ ሕንዳውያን መምህራንም አሉ።

መሞከር ለሚሻ ሰው የተለየ ልብስም ሆነ ውድ ምንጣፍ አያስፈልገውም። በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ግንባር እያንዳንዱን የአካል ክፍል በዝግታ ማስተዋል ለጀማሪ በቂ ነው። ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች ጭንቅላት ወደታች ከሚሆንባቸው አቀማመጦች መራቅ አለባቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎችም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።