ጥሎ የመውጣት መብት

በቅርቡ የድሮ ሻንጣዬን ስበረብር አንድ ፍሎፒ ዲስክ አገኘሁ። አገር ቤት ሳስተምር ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት፣ በስደት የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ከሥራ መልስ ሌሊት ሌሊት ያሰፋሁት ማስታወሻ ያለበት ነው። የእህቴ ልጅ እንደምንም ብሎ ፋይሉን አወጣልኝ። ስንከፍተው በአማርኛ ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ተደርድሮ ጠበቀን። የጻፍኩት እኔ፣ የደከምኩበት እኔ፤ መክፈቻው ግን በሌላ ሰው ኪስ ነው።

በ1990ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ነበር የሚያስቀምጡት። የአንዱ «ሀ» ለሌላው ኮከብ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ለእኔ የሸጠልኝ ድርጅት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ጠጁን እየሸጠ አጣጣሉን ለማንም ስላላሳየ፣ ሲሞት ምስጢሩም አብሮት ተቀበረ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር የሚነካካው ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር ነው፤ እናቱ «ሥራ ፈት» ትለዋለች። «ጋሼ፣ ዱምን ያውቁታል?» አለኝ። በ1993 የወጣ የተኩስ ጨዋታ ነው አሉ። ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር በ1997 የጨዋታውን ኮድ፣ ማለትም የፕሮግራሙን የውስጥ ጽሑፍ ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ1999 ደግሞ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ፣ በአካል የማይተዋወቁ ሰዎች ኮዱን እያደሱ ሠሪዎቹ ባላሰቡት ማሽን ሁሉ ላይ ያስኬዱታል። ጭራቅ የሚገደልበት ጨዋታ ከእኔ የትምህርት ማስታወሻ በላይ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው!

ጂፒኤል በ1989 የወጣ ፈቃድ ሲሆን ሐሳቡ የሪቻርድ ስቶልማን ነው። አንብብ፣ ለውጥ፣ አባዛ፣ ከፈለግህም ሽጥ ይላል፤ ግዴታው አንድ ነው፤ ለሌላ ስታስተላልፍ ኮዱንና ይህንኑ መብት አብረህ አስተላልፍ። ፈረንጆቹ ይህ ነጻነት እንጂ ያለ ዋጋ ማግኘት እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ። እኛ «ነጻ» እና «በነጻ» የሚሉትን በአንዲት «በ» እንለያቸዋለን።

ሁነኛው ነገር ግን ፎርክ የሚሉት ነው፤ ኮዱን ይዞ ተገንጥሎ መውጣት። ኦፕንኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ኮዱ ክፍት ነበር፣ ባለቤቱ ግን ሰን የሚባል ኩባንያ ነው። በጥር 2010 ኦራክል ሰንን ገዛው። የፕሮግራሙ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ለሥራቸው ሰጉ። በዚያው ዓመት መስከረም ብዙዎቹ ኮዱን እንዳለ ይዘው ወጡና ሊብሬኦፊስ ብለው ሰየሙት። ማንንም አላስፈቀዱም፣ ማንም አልከሰሳቸውም። ስሙ ብቻ ከኦራክል ጋር ቀረ፤ እሱንም በ2011 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ሰጠው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሊብሬኦፊስ ነው።

እኔ አባል የነበርኩበት አንድ የስደተኞች ማኅበር ሲከፈል እንዲህ አልሆነም። የአባላቱ ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤው፣ የዓመታት ሰነዱ ሁሉ በሊቀመንበሩ ቤት ነበር፤ የወጣነው እጃችንን እያወዛወዝን ነው። ገንዘብ እንደ ኮድ አይባዛም፣ እሱን አልክድም። ቃለ ጉባኤ ግን ይባዛል። ሁሉም አባል ቅጂው በእጁ ቢኖር ኖሮ ሊቀመንበራችን በስብሰባ ላይ ያን ያህል ይጮህብን ነበር? አይመስለኝም።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ለዓመታት በቀልድ «የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን» ይባል ነበር። እኛ የዕድሜ ልኩን እናውቀዋለን፣ ቸሩን ነው ያላየነው። ሰውየው በአንድ የቋንቋው ለውጥ ላይ ክርክሩ ሲከርርበት በ2018 በገዛ ፈቃዱ ወረደ፤ በ2019 በምርጫ አምስት ሰዎች ተተኩ። ቸርነቱ የጠባይ ብቻ አይመስለኝም። ተከታዮቹ ሲከፉ ቋንቋውን ይዘው መሄድ እንደሚችሉ ያውቅ ነበር።

የእኔን ፋይል በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ተርፎልኛል። ማታ ማታ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጋር እያስተያየን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ እየሠራን ነው። ልጁ ሠንጠረዡን በጂፒኤል እለቀዋለሁ ብሎኛል፤ እንደ እኔ ፋይሉ የተቆለፈበት ሰው አይጠፋም። እስካሁን «ጐ» እና «ጓ» ይምታቱብናል።