ገደል ሞልቷል፣ ገዢ የለም

በውጭ አገር ሰው ቡድን ሠርቶ ገመድ ታጥቆ በፏፏቴ ቁልቁል ወርዶ፣ ሲመሽ ሆቴሉ ለመግባት ጥሩ ገንዘብ ይከፍላል። ለዚህ ገበያ የሚሆን ገደል ዋግ ኽምራ ሞልቷል።

ተከዜን እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ ያሉበት ቡድን በጎማ ጀልባ ወርዶታል። ከዚያ ወዲያ የወንዙ ገዢ ኤሌክትሪክ ሆነ፤ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው ባለ 300 ሜጋ ዋት ግድብ በ2009 ተመረቀ። ሐይቁ ለአበርገሌ ዓሣ አስጋሪዎችም እንጀራ ሆኗል። ከገደሉ ግን እስካሁን ያተረፈ የለም።

ገመዱ፣ መሪውና መኪናው እንግዳው አንድም ሆነ ስምንት ወጪያቸው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ትርፉ ያለው በቡድን ጉዞ ነው። ችግሩ ወቅቱ ነው፤ ክረምት ደራሽ ጎርፍ አለ፣ በጋው ሲገፋ ጅረቱ ይደርቃል። የሚቀረው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። (ለሁለት ወር ገበያ ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት ካለ ደፋር ነው።) ከ2021 ጦርነት ወዲህ ደግሞ አስጎብኚው ከገመዱ በፊት የሚጠይቀው የመንገዱን ሰላም ነው።

ርካሹ መነሻ የእግር ጉዞ ነው። የመቄት ገበሬዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንግዳ ማሳደር የጀመሩት ያለ ገመድ ነው። ሰቆጣም አጠገቧ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለላት።