ባታችሁ ፓምፕ ነው!

ኑ ተቀመጡ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከገባኝ ወዲህ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አቅቶኛል።

ደም በሰውነታችን የሚዞረው ልብ ስለሚገፋው ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከደሙ ሌላ ግን ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ። ከደም ሥሮቻችን ትንሽ ትንሽ ውሃ እየወጣ ሥጋችንን ያረጥባል፤ አብዛኛው ተመልሶ ይገባል። የተረፈው፣ በቀን 2 ወይም 3 ሊትር ያህል፣ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ቱቦዎች ተጠራቅሞ ሽቅብ ይጓዝና አንገት ሥር ከደም ጋር ይቀላቀላል። ከእግር ጣት እስከ አንገት፣ ያን ሁሉ ዳገት! የሚገፋው ልብ ደግሞ የለውም። ታዲያ ማን ነው የሚያወጣው?

ቱቦዎቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ ይገፉታል። ግን እኛም ትልቅ ድርሻ አለን፣ ስንንቀሳቀስ። የእጅ ፓምፕ ያለው የቀበሌ ጉድጓድ ታውቃላችሁ አይደል? እጀታውን ስትጫኑት ውሃው ከፍ ይላል፤ ስትለቁት ተመልሶ እንዳይወርድ ውስጥ ያለው ክዳን ይዘጋበታል። እንደገና ትጫናላችሁ፣ እንደገና ከፍ ይላል። ባታችሁ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቁርጭምጭሚታችሁን ስታጥፉና ስትዘረጉ የባት ጡንቻ ይወጠርና ቱቦዎቹን ይጨምቃቸዋል፤ ፈሳሹ ይወጣል። ጡንቻው ሲላላ በቱቦዎቹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክዳኖች ይዘጋሉ። እጀታው ቁርጭምጭሚታችሁ ነው ማለት ነው! በሉ አሁን፣ ተረከዛችሁን መሬት አስነክታችሁ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉ። ያው፣ እየቀዳችሁ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ወለጋ ላወራችሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ነቀምቴ ድረስ የሄደ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ የዘለቀ ሰው ያን ቀይ አፈር አይረሳውም። ደጋና ወይናደጋ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ በቆሎውም ቡናውም ያምርበታል። አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሰባብሮ የመጣ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉበት። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲሄድበት ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቱቦዎቹን ያስቆጣሉ። ቱቦዎቹ ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ከዓመታት በኋላ ውሃው መሄጃ ያጣል። እግር ያብጣል።

በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ነው። ሐኪሞቹ ይህንን ዓይነቱን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በሽታው ያለበትን አገርና የአፈሩን ዓይነት አስተያይቶ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አሳየ፤ ከበሽተኞች ንፍፊት ውስጥም የአፈር ቅንጣቶች ተገኙ። አስቡት፣ አፈሩ በእግር ገብቶ ብሽሽት ድረስ ወጥቷል! በቆላው አገር ትንኝ የምታመጣው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ ይኸኛው ግን ትንኝም ትልም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በእርግማን ነው፣ በዘር ነው እየተባለ ስንት ትዳር እንደፈረሰበት ሳስብ ያናድደኛል። በእርግጥ ዘርም ድርሻ አለው፦ በወላይታ በተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሰውነታቸው ለአፈሩ ይበልጥ የሚቆጣ ሰዎች እንዳሉ ታይቷል፤ አንድ ማሳ ላይ አብረው በባዶ እግር ካደጉ ልጆች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ጫማ ያደረገ ሰው ግን ዘሩ የፈለገውን ቢሆን አፈሩ አያገኘውም።

በሽታው ጥቂት ሰው ጋ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ቤት ለቤት ተቆጥሮ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከ100 ሰው 2.8 ያህሉ ታሞ ተገኝቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጠና ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንደታመሙ ተገመተ።

አሁን ወደ ፓምፑ እንመለስ፤ ለእኔ ነገሩ ቦግ ያለልኝ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እግር ካበጠ ሰው መተኛት ያለበት ይመስለኝ ነበር። ግን ቱቦው ከጠበበ፣ በቀረችው ቀዳዳ ፈሳሹን ማስወጣት የሚቻለው በምንድን ነው? በመቅዳት! ቁርጭምጭሚትን በማጠፍና በመዘርጋት፣ በመራመድ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ አድርጎ ቁልቁለቱን ለፈሳሹ በመስጠት። ባለቤቱ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ማንም ሐኪም አይቀዳለትም።

መቅዳት ብቻውን ግን አይበቃም። ያበጠ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጀርም ይገባል፣ እግሩ በድንገት ይግልና ሰውየው በትኩሳት አልጋ ይይዛል። እያንዳንዱ ትኩሳት ደግሞ ቱቦዎቹን የበለጠ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ የቀኑ ሥራ እንዲህ ይሄዳል፦ ሳፋ ውስጥ ውሃ ይደረጋል፣ እግር በሳሙና ይታጠባል፣ የጤና ባለሙያው በለካው መጠን ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ የሚያስፈልገው በፋሻ ይጠቀለላል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ከዚያ እንቅስቃሴው። አለቀ! መርፌ የለ፣ ኦፕሬሽን የለ።

«ይህማ የእናቶች ምክር ነው እንጂ ሕክምና ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም ብያለሁ። ግን በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለ12 ወራት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህን እንክብካቤ ወዲያው በጀመሩት ላይ ትኩሳቱ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳ፣ ተራ በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሳ። ተአምር አይደለም፤ 19 ጊዜ መታመም አሁንም ብዙ ነው። ለገበሬ ግን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ማለት በአዝመራ ሰሞን ከማሳው አለመቅረት ነው፤ የተከፈለውም ሳሙናና ፋሻ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለብቻ ከመሥራት በቡድን መሥራት ለምን ይሻላል? በየቀኑ ማጠብ አሰልቺ ነው፣ ውሃ ከሩቅ ይቀዳል፣ ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባለትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ያፍራል። በወላይታ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የሞሲ ፉት ማኅበር ለዚህ ያገኘው ዘዴ በጣም ያስደስተኛል፦ ታክመው የተሻላቸው ሰዎች አዲስ የሚመጡትን ያስተምራሉ፤ ለትልቁ እግር የሚሆነውን ጫማ መስፋት የተማሩም ከበሽተኞቹ መካከል አሉ። የራሱን እግር አውጥቶ «የእኔም እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ፊት ማን ያፍራል?

ጉልበቷን ለሚያማት እናታችሁም ነገሩ ያው መሆኑን ሳይ ደግሞ ዘለልኩ! በጉልበት አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስንቆምበት ፈሳሹ ከልም አጥንቱ ይወጣል፣ ስናነሳው ይገባል። ካልተንቀሳቀስን ምግብ በደንብ አይደርሰውም! «ሪህ አለብኝ» ብሎ ጉልበቱን ወር ሙሉ ያሳረፈ ሰው ሲነሳ ይብስበታል፤ የጭኑም ጡንቻ ሰልሎ ክብደቱ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል።

አሜሪካ ውስጥ ኬት ሎሪግ የተባለች ነርስ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ትምህርት አዘጋጀች፦ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት፣ መሪዎቹም ሐኪሞች ሳይሆኑ ብዙዎቹ ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ጎረቤቶች። ከ4 ዓመት በኋላ ሲለካ ሕመማቸው በ20 በመቶ፣ ሐኪም ቤት መመላለሳቸው በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው፦ ይበልጥ የተሻላቸው የግድ እንቅስቃሴውን አብዝተው የሠሩት አልነበሩም፤ «ይህን ሕመም እችለዋለሁ» ማለት የጀመሩት ናቸው። ይህ እምነት ደግሞ በብዛት የሚመጣው እንደ እነሱ ያለ ሰው ሲችለው ሲያዩ ነው።

እኔ የምለው፣ ነቀምቴ ላይ አዲስ ማኅበር ማቋቋም እንኳ አያስፈልግም። እድሩ አለ፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ ወንበርም ድንኳንም አለው። ከመዋጮው በፊት ሩብ ሰዓት ለቁርጭምጭሚትና ለጉልበት ቢሰጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጀመሪያ ላይ መጥታ ብታሳይ፣ ከዚያ ራሳቸው ይቀጥላሉ። ለጉልበት የሚበጀው ቀላል ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ያቃተው በእጁ ይደገፍ። ትንሽ መቆርቆሩ አያስፈራም። ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ያን ቀን እንቅስቃሴ የለም፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው።