ብርማ ቅጠል በክረምት አገር

አሪቲና ጭቁኝ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዳንዱ የአህያ ጆሮ የሚለው ቀጠጥና ግን ከሌላ ወገን ነው። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ቅጠላቸውን ያለበሰው ጸጉር ነው። ጸጉሩ ከፀሐዩ ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፤ ነፋሱንም ስለሚከላከል የቅጠሉ እርጥበት ቶሎ ተንኖ አያልቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ሲል የደጋ ፀሐይ ይከርራል። በዚያ ወራት ውኃ ሳያስቀዱ ለግቢ ውበት የሚሰጡ እንደነዚህ ያሉ ብዙ ዕፅዋት የሉም።

ክረምቱን እንዴት ይችሉታል የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምሳሌ የበግ ጆሮ የሚመስል ለስላሳ ቅጠል ያለውና በውጭ አገር አትክልተኞች የሚወደደው ተክል የመጣው ከቱርክ፣ ከአርመንና ከኢራን ነው፤ እዚያ በጋው ደረቅ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ በእነዚያው ወራት ሰማዩ ይቀደዳል። ይሁንና ቀጠጥና በጎጃም ድንጋያማ ተዳፋትና በመንገድ ዳር ክረምቱን በየዓመቱ ያልፋል። ስለዚህ ገዳዩ ዝናቡ ሳይሆን ሥር ላይ የሚተኛው ውኃ ነው። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። በመረሬ አፈር ላይ ያለ ግቢም መደቡን በጠጠር ከፍ አድርጎ ፈሰስ ማውጣት አለበት፤ ቀይ አፈር ላይ ተዳፋት ካለ ይበቃል። ፍግ ማብዛት ደግሞ አይጠቅምም፤ ተክሉ ይለሰልስና ይተኛል፣ ብርማነቱም ይደበዝዛል።

ቀጠጥና አረም ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከብት አይነካውም፣ ዘሩም ብዙ ነው። ነገር ግን አበባው ሲረግፍ፣ ፍሬው ሳይደርቅ አገዳውን የቆረጠ ሰው ጣጣው ይቀልለታል። እኔን የበለጠ የሚያጠራጥሩኝ ቅጠላቸው በነጭና በአረንጓዴ ዝንጉርጉር የሆኑት ተክሎች ናቸው። የቅጠሉ ነጭ ክፍል አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግብ አይሠራም፤ በሐምሌ ደመና ላይ ይህ ሲጨመር ተክሉ ይቀጭጫል። ዘሩም እናቱን አይመስልም፤ ተክሉን ከነሥሩ ከፍሎ ማባዛት፣ ፍጹም አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣውንም ቀንበጥ ወዲያው መቁረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉልበተኛው አረንጓዴ ሌላውን ይውጠዋል። ይህን ልፋት የሚወድ በበረንዳ ላይ በሸክላ ይትከለው፤ ለግቢው ግን የአገሩ ይሻላል።

ችግኝ ሁሉ በሐምሌ ይተከላል የሚለውን ልማድ ለእነዚህ ባለ ብርማ ቅጠሎች ስንል እንተወው። መስከረም ሲጋመስ፣ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ ትከሏቸው፤ እስከ ሰኔ ሥር የሚሰዱበት ስምንት ወር ያገኛሉ።