ማንም የማያነበው ወረቀት ለምን ይታተማል?

ኤኤስ/400 ላይ፣ በዛሬ ስሙ አይቢኤም አይ ላይ፣ ለምትሠሩ፦ ከሌሊቱ ባች በኋላ ጠዋት ፕሪንተሩ ላይ ተቆልሎ የሚጠብቃችሁ ብዙውን ጊዜ ሪፖርት ሳይሆን ጆብ ሎግ ነው። ጆብ ዲስክሪፕሽኑን ክፈቱና የሎጉን የመልእክት ጽሑፍ ደረጃ «ኖሊስት» አድርጉት። ሥራው በሰላም ካለቀ ሎግ አይወጣም፤ ከተቋረጠ ግን ይወጣል። የምመርጠውም ለዚህ ነው። ሎግን ጨርሶ የሚያጠፋ ሰው ችግር የመጣ ዕለት በጨለማ ይዳብሳል።

ለእውነተኛው ሪፖርት ፕሮግራሙን አትንኩ (ምንጩን ማን ያገኘዋል!)። ፕሮግራሙ ከመጠራቱ በፊት፣ እዚያው ጆብ ውስጥ፣ በኦቨርራይድ ፕሪንተር ፋይል ትእዛዝ «ሆልድ»ን «የስ» አድርጉ። ሪፖርቱ ተሠርቶ ወረፋው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወረቀት አይበላም። ሒሳብ ክፍል ከጠየቀ ትለቁለታላችሁ። የከረሙትን ስፑል ፋይሎች ግን በየጊዜው አጥፉ፤ ዲስክ ይይዛሉ።